በቀላል ስንቅ ወደ ጂንካ

አገር ማየት የባለጸጋ ሥራ ነው የሚል አሳብ በብዙ ወጣት ልብ ተቀምጧል። ተማሪው «ገንዘብ የለኝም» ይላል፤ አዲስ የተቀጠረው የመሥሪያ ቤት ሰው ደግሞ «ደመወዜ ከቤት ኪራይ አያልፍም» ይልና የዕረፍት ቀኑን እዚያው በሰፈሩ ቡና ቤት ያሳልፋል። ደቡብ ኦሞ ሲባልማ ጨርሶ የውጭ አገር ሰው፣ ትልቅ ካሜራና የተከራየ ላንድክሩዘር ካልሆነ የማይደረስበት ስፍራ መስሎ ይታየዋል። ዳሩ ግን ወደ ጂንካ የሚወስደው መንገድ የሕዝብ አውቶቡስም የሚሄድበት መንገድ ነው። እንዲያውም ይህን አገር በደንብ ለማየት ከባለ ላንድክሩዘሩ ይልቅ ባለ አውቶቡሱ የተሻለ ዕድል አለው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በትንሽ ገንዘብ መዞር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ወሎ እያለ ቅኔና ዜማ ፍለጋ ሲዞር የኖረው የአልጋ ኪራይ እየከፈለ አልነበረም። ሲራራ ነጋዴም ከአገር አገር ይሄድ የነበረው የየገበያውን ቀን ቆጥሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየላከ እንዲያስተምር ያደርግ ነበር፤ በዚያ ምክንያት ከማያውቀው አገር ደርሶ፣ የማያውቀውን ምግብ በልቶ፣ የማያውቀውን ቋንቋ ለምዶ የተመለሰ ተማሪ ጥቂት አይደለም።

በውጭም አገር ወጣቱ ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ መዞር ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆነው። ቶኒ ዊለር የተባለው ሰው ከባለቤቱ ከሞሪን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1975 በደቡብ ምሥራቅ እስያ በትንሽ ገንዘብ እንዴት መዞር እንደሚቻል የሚነግር የመንገድ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ ያንን አገር በአውቶቡስና በባቡር፣ ከመንገድ ዳር እየበላ ያየው ወጣት ቁጥር ስፍር የለውም። በባንኮክ ከተማ የእነዚህ ወጣቶች ማደሪያ ሆኖ የታወቀው ካኦ ሳን የሚባለው ጎዳና ነው። ካኦ ሳን በታይ ቋንቋ የተፈተገ ሩዝ ማለት ነው፤ ስፍራው የሩዝ ገበያ ነበረና። እ.ኤ.አ. በ1982 ከተማይቱ 200 ዓመቷን ስታከብር እንግዳ በዛ፤ የሰፈሩ ሰዎች ቤታቸውን ለእንግዳ ማከራየት ጀመሩ፤ ቀስ በቀስም ጎዳናው በሙሉ የጎብኚ ሆነ። ዛሬ ስሙ የሩዝ ነው እንጂ ነገሩ የአልጋ፣ የቢራና የቲሸርት ነው። ይህን እዚህ ላይ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስለ ቀይ አፈር ገበያ ስንናገር እንመለስበታለን።

እንግዲህ ወደ ደቡብ ኦሞ ለመሄድ ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት ማየት ያለበት የገበያውን ቀን ነው። በዚያ አገር ሳምንቱ በገበያ ይቆጠራል ቢባል ይሆናል። ማክሰኞ አልዱባ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካና ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ ይገበያል። በገበያ ቀን መኪና ይገኛል፤ በሌላ ቀን አንዳንዱን መንገድ የሚሄድ መኪና ሲጠብቁ መዋል ነው፤ ወይም ለብቻ መኪና መከራየት ነው፤ ይህ ደግሞ የተማሪን ኪስ በአንድ ቀን ባዶ ያደርጋል። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሣ ሰው ማታ አርባ ምንጭ ያድራል፤ ረቡዕ ኮንሶ ይደርሳል፤ ሐሙስ በገበያው ሰዓት ቀይ አፈር ይገኛል፤ ዓርብና ቅዳሜ ጂንካ ይሰነብታል፤ ሰኞ ቱርሚ ነው። እሑድ ምን ይደረግ ለሚል ሰው፣ ልብስ ማጠብም ሥራ ነው እንላለን።

ከአዲስ አበባ እስከ ጂንካ ያለው መንገድ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡስ በማለዳ ስለሚነሣ ቲኬት በዋዜማው መቁረጥ፣ ከመናኸሪያውም ሳይነጋ መድረስ ያስፈልጋል። ከአርባ ምንጭ ሲደረስ ዓባያና ጫሞ ሐይቆች ግራና ቀኝ ተኝተው፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የተባለው የመሬት ልሳን ይታያል። አርባ ምንጭ ለደኻ መንገደኛ የተመቸች ከተማ ናት፤ ሙዙና ዓሣው ከዚያው ከደጅዋ ነውና።

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ኮንሶ ይገኛል። እዚህ አንድ ሌሊት ማደር ይገባል። የኮንሶ ገበሬ ተራራውን በድንጋይ ካብ እየደረደረ እርከን ያደረገበት ሥራ ከነመንደሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። መሐንዲስ ለመሆን የሚማር ልጅ ይህን ካብ ሲያይ ሊቆምና ሊመረምር ይገባዋል፤ ውሃው እንዳይሸሽ፣ አፈሩ እንዳይታጠብ ያለ ሲሚንቶ የተደረገ ነገር ነውና። ከኮንሶ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ወደ ወይጦ ሸለቆ ይወርዳል። ሙቀቱ ከመኪናው መስኮት ይገባል፤ ኮት ያወልቋል፤ ፀማዮች ከብታቸውን እየነዱ በመንገዱ ዳር ይታያሉ። ከዚያ እንደ ገና ዳገት ነው፤ ዳገቱ ሲያልቅ ቀይ አፈር ነው።

ቀይ አፈር ስሟን ያገኘችው ከመሬቷ ነው። ሐሙስ ቀን በናውም፣ ፀማዩም፣ ሐመሩም፣ አሪውም ይወርድባታል። ማር በቅል፣ ቅቤ በቅል፣ ማሽላ፣ ትምባሆ፣ ፍየል፣ ሴቶቹ ጠጉራቸውን ከቅቤ ጋር የሚቀቡት ቀይ አፈር፣ እንዲሁም የቡና ገለባ በያይነቱ ይሸጣል። የቡና ገለባ ለምን ይሸጣል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ሐመሮችና ጎረቤቶቻቸው ቡናን የሚጠጡት ፍሬውን ቆልተው ሳይሆን ገለባውን አፍልተው፣ በትልቅ ቅል እየቀዱ ነው። ሸፈሮ ይባላል። ቡና በስኒ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ቀጭን ይመስለዋል፤ ለቆላው ፀሓይ ግን ከስኒው ቡና ይልቅ ይስማማል። ወንዶቹ ከእጃቸው የማይለዩት ቦርኮቶ የሚባል ከእንጨት የተጠረበ ትንሽ በርጩማ አለ፤ ቀን መቀመጫ፣ ሲተኙ ትራስ ይሆናል።

እንግዲህ ስለ ካኦ ሳን ያነሣነው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የቀይ አፈር ገበያ እስከ ዛሬ የገበያተኛው ነው። ብዙው ሰው የመጣው ማሩን ሸጦ ጨው ሊገዛ፣ ፍየሉን ሸጦ ጨርቅ ሊገዛ፣ ዘመድ ሊጠይቅ ነው። ነገር ግን በገበያው ዳር ለእንግዳ ብቻ የሚሸጥ ዕቃ የሚደረደርበት ስፍራ አለ፤ ከእንግዳው ኋላ የሚከተሉ ልጆችም አሉ። ይህ ዳር እያደገ መካከሉን ይበላዋል ወይስ ዳር እንደ ሆነ ይቀራል? መልሱ ያለው በአብዛኛው በመንገደኛው እጅ ነው። ሊያይ ብቻ የመጣ ሰው ገበያውን ትርኢት ያደርገዋል። ሊሸምት የመጣ ሰው ግን፣ ሌላው ቢቀር አንድ ቅል ማር ሊገዛ የመጣ፣ ከገበያተኛው አንዱ ነው። ማር ሻጭዋ ዋጋ ትጠራለች፤ እሱ ይቀንሳል፤ እሷ ትስቃለች ወይም ትቆጣለች፤ አጠገብዋ ያለችው ትመሰክራለች፤ ከየት እንደ መጣ ይጠየቃል፤ እሱም ማሩ ከየት እንደ መጣ ይጠይቃል። ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ኪሱ ሳሳ ያለ ሰው ስለ ዋጋ መከራከሩ ግድ ስለ ሆነ ጨዋታው ለሱ ይበልጥ ይሆናል፤ ባለ ገንዘቡ የተጠራውን ከፍሎ ይሄዳልና ምንም አይሰማም።

ከቀይ አፈር ጂንካ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጂንካ በቀድሞው አስተዳደር የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ከተማ ነበረች። ከ1400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተራራ ግርጌ ስለ ተቀመጠች አየሯ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ዝናቡም አይጠፋም። በዙሪያዋ ያለው የአሪ ሕዝብ እንሰትና ቡና ተካይ ነው፤ ከቆላ የመጣ መንገደኛ የአሪን ጓሮ ሲያይ ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ለብዙ ዘመን አውሮፕላን ያርፍ የነበረው በከተማው መካከል ካለው የሣር ሜዳ ላይ ነበር፤ አውሮፕላን በማይኖርበት ቀን ከብት ይግጥበት ነበር። የዛሬው ማረፊያ ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠርቷል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ የጥንቱን ስም ይዞ ባኮ ይባላል። ዛሬ ከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ ስላላት ተማሪ መንገደኛ እኩያ አያጣም፤ ርካሽ ምግብ ቤት የት እንዳለ ከተማሪ የበለጠ የሚያውቅ የለምና እነሱን መጠየቅ ነው።

ዓርብን ለሙዚየሙ መስጠት ይሻላል። የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ከከተማው በላይ በኮረብታ ላይ ነው። በእግር ይወጣል፤ ከላይ ሆኖ ከተማውን ማየቱ ብቻ ለድካሙ ዋጋ ይሆናል። ወደየመንደሩ ከመሄድ በፊት ይህን ቤት ማየት ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ በገበያ ያዩት ጌጥ፣ ቅልና ቆዳ የማን እንደ ሆነና ለምን እንደሚያገለግል እዚያ ይረዳሉ። ብዙ ጎብኚ የሚሠራው ተገላቢጦሹን ነው፤ መንደሩን አይቶ ሲመለስ ጊዜ ከተረፈው ሙዚየሙን ያያል።

ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው። የአገራችን ቋንቋዎች በአራት ታላላቅ ቤተ ሰብ እንደሚከፈሉ ተማሪው በመጽሐፍ አንብቦ ይሆናል። እዚህ አራቱንም በአንድ ሜዳ ይሰማል። አሪው፣ ሐመሩና ማሌው ኦሞአዊ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ፀማዩ ኩሻዊ ነው፤ ሙርሲዋና ቦዲው የዓባይ ሰሐራ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ሁሉም በዋጋ ሲስማሙ ወይም ሲጣሉ መካከል የሚገባው ሴማዊው አማርኛ ነው። ይህን ለመስማት የመግቢያ ዋጋ አይከፈልም።

ከዚህ ላይ ስለ ሙርሲዎች መናገር ግድ ነው፤ ብዙ ሰው ወደ ጂንካ የሚሄደው ስለ እነሱ ሰምቶ ነውና። ሙርሲዎች፣ ራሳቸውን ሙን ይላሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው ቆጠራ 7500 ያህል ነበሩ። የሚኖሩት በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከልና በማጎ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ነው። የተለመደው የጎብኚ ሥርዓት ይህ ነው፤ መኪናው በማለዳ ከጂንካ ይነሣል፤ ለፓርኩ፣ ለአስጎብኚው፣ ለጠባቂው፣ ለመንደሩም ይከፈላል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ፎቶ ግራፍ ለተነሣው ሰው ይከፈላል። ጎብኚው ያነሣል፣ ይከፍላል፣ ያነሣል፣ ይከፍላል፤ ለምሳ ጂንካ ይገባል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሙርሲዎች መካከል ሲያጠና የኖረው እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ስለዚህ ነገር ጽፎ ነበር፤ ሙርሲዎች ጎብኚን የሚያውቁት ፎቶ ግራፍ አንሺ አድርገው ነው ይላል። እውነትም ሌላ ምን ብለው ይወቁት? አይቀመጥ፣ አይበላ፣ አይጠይቅ።

ፎቶ ግራፉም ቢሆን የሚያሳየው የሚመስለውን አይደለም። ሴቶቹ በከንፈራቸው የሚያደርጉት የሸክላ ገል፣ በቋንቋቸው ደቢ የሚባለው፣ እንደ ባርኔጣ ቀኑን ሙሉ የሚደረግ አይደለም። ለወንዶች ምግብ ሲያቀርቡ፣ ላም ሲያልቡ፣ በሠርግና ዶንጋ በሚባለው የበትር ፍልሚያ ቀን የሚደረግ፣ ይልቁንም የወጣት ሴት ክብር ነው። ካሜራ ሲመጣ ግን እንግዳው የሚፈልገው ይታወቃልና ገሉም፣ ቅሉም፣ የከርከሮ ጥርሱም፣ በሌላ ቀን አብሮ የማይደረገው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደረጋል። የተከፈለበት ነገር ይሰጣል። ጥፋቱ የሻጩ ነው ማለት አይቻልም። ፊቱን የሚሸጥ ሰው የሚፈልገው ተሽሎለት ሳይሆን ሌላ የሚገዛው ሰው ስላልመጣ ይሆናል።

የአዲስ አበባው ወጣት ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነኝ ብሎ ያስባል። ካሜራ አልያዘም፤ ግን በኪሱ ስልክ አለ፤ ከውጭ አገር ሰው ይልቅ ፈጥኖ ያወጣዋል። «እኔ የአገር ልጅ ነኝ፣ ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ የሚከራከርም አለ። በበኩሌ ይህ ክርክር አይገባኝም። የአገር ልጅነት የሰውን ፊት በነጻ የመውሰድ መብት አይሰጥም፤ እንዲያውም ከእሱ የሚጠበቀው ከፈረንጁ የበለጠ ነው፤ ቢያንስ ፈቃድ መጠየቅ፣ ስም መጠየቅ፣ ለመክፈል የተስማሙበትንም ሳይነዘንዙ መክፈል። ገንዘብ ከሌለው ስልኩን በኪሱ ማቆየት ነው። ይህን ሲያደርግ ደግሞ አንድ ነገር ያገኛል። ሙርሲዎች ቅዳሜ ወደ ጂንካ ገበያ ይመጣሉ። በዚያ የሚታዩት በእግራቸው የመጡበትን ጉዳይ ሲፈጽሙ ነው፤ ሲሸጡ፣ ሲገዙ፣ የገዙትን ሲመረምሩ፣ በሻጩ ሲበሳጩ። መኪና ተከራይቶ ወደ መንደራቸው ለመሄድ አቅም ያጣው ተማሪ ያጣ ይመስለዋል እንጂ ከሁለቱ የተሻለውን ያየ እሱ ነው። የግድ መንደር አያለሁ የሚል ሰው አምስት ስድስት ሆኖ መኪናውን መጋራት፣ ሕጋዊ አስጎብኚም በጂንካ መያዝ ይችላል።

በጂንካ ለሥራ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ ከሁሉም የበለጠ ዕድል አለው። ገበያውን አንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ ያየዋል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ልብሱና ጌጡ ይታያል፤ በአራተኛው ቅዳሜ የማሩ ዋጋ ለምን እንደ ወጣ ይታያል፤ በአሥረኛው ማን ከማን እንደ ተኳረፈ ይታያል። የዝውውር ማመልከቻ ለመጻፍ የቸኮለ ሰው ይህን ሳያይ ይሄዳል።

ከጂንካ እስከ ቱርሚ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገሩ የሐመሮች ነው። ሐመር ወጣት ለአቅመ አዳም መድረሱን የሚያስመሰክረው የተሰለፉ ከብቶችን ጀርባ እየረገጠ ተመላልሶ በመሮጥ ነው፤ ይህን ሳይፈጽም ሚስት አያገባም። ሥነ ሥርዓቱ የቤተ ዘመድ ድግስ ነው። ጥሪው የሚደረገው በወረቀት ሳይሆን በተቋጠረ ልጥ ነው፤ ቋጠሮው የቀረውን ቀን ያህል ነው፤ የተጠራው ሰው በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ይቀንሳል፤ ቋጠሮው ሲያልቅ ቀኑ ደርሷል። እንግዲህ ይህን ድግስ በተወሰነ ቀን አያለሁ ብሎ ከአዲስ አበባ መነሣት አይቻልም። ባለ መኪናው ቀኑን ለማወቅ ለደላላ ይከፍላል። ጊዜ ያለው መንገደኛ ግን ሰኞ ቱርሚ ገበያ ላይ ተቀምጦ ሸፈሮ ሲጠጣ ወሬው ራሱ ይመጣለታል፤ ካልመጣም ገበያውን አይቷል።

መቀመጥ ምን እንደሚያስገኝ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከሐመር አለ። አይኬ በሪናስ፣ በሌላ ስሙ ባልዳምቤ የሚባል ሐመር ሽማግሌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ኢቮ ስትሬከርና ጂን ሊዳል የተባሉ ባልና ሚስት ወደ ሐመር አገር መጥተው ዳምባይቲ በምትባለው መንደር ከባልዳምቤ ዘንድ ተቀመጡ። ባልዳምቤ የአገሩን ሕግ፣ እርሻውን፣ ከብቱን፣ ጋብቻውን እየተረከ እነሱ ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ሐመር በሦስት ቅጽ ከታተመው ሥራ አንዱ ቅጽ በሙሉ የባልዳምቤ ቃል ነው። ሐመርን ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚመለሰው ወደዚያ ነው። ትልቁ ወጭያቸው ጊዜ ነበር።

ከቱርሚ 70 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ኦሞ ወንዝ ዳር ኦሞራቴ ነው፤ የዳሰነቾች አገር። ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ ገንዘቡ ወይም ጉልበቱ የቀነሰ ሰው ይህን ቢተወው አይፈረድበትም። የደረሰ ሰው ግን ወንዙን ልብ ብሎ ይመልከት። ዳሰነቾች ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የግቤ 3 ግድብ ከተሠራ ወዲህ የወንዙ አመል ተለውጧል፤ በቅርብ ዓመታትም የቱርካና ሐይቅ እየሰፋ ብዙ ሰው ከመንደሩ አስለቅቋል። ከወንዙ ማዶ ወደ ሰሜን፣ ኪቢሽ በተባለው ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የሰው አጥንት ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ጥናት ከ230 ሺህ ዓመት በላይ ነው ተብሏል። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም ቅርስ የሆነው እንዲህ ባሉ ግኝቶች ነው።

ስለ ስንቅ ጥቂት እንጨምር። ከገንዘቡ ትልቁን ክፍል የሚበላው አልጋም ምግብም ሳይሆን መኪና ነው፤ ከሽሮና ከፓስታ ላይ ቆጥቦ መኪና የሚከራይ ሰው ሒሳቡን ገልብጦታል። ጥቃቅን ብር ይዞ መሄድ ይገባል፤ በገበያ ትልቅ ብር የሚዘረዝር አይገኝም። ቆላው የወባ አገር ስለ ሆነ አጎበር አይዘንጋ። በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴር በጂንካ የማርበርግ በሽታ መታየቱን አስታውቆ ስለ ነበር ከመነሣት በፊት የጤና መሥሪያ ቤቱን ምክር መስማት ይገባል፤ የመንገዱን ጸጥታም እንዲሁ መጠየቅ ነው። የጭነት መኪና ላይ መሳፈር ርካሽ ቢሆንም ክልክልም አደገኛም ነው።

ለመመለሻው ከጂንካ አውቶቡስ የሚነሣው በማለዳ ነው። ከቀይ አፈር የተገዛው ማር በቅሉ እንዳለ ከሆነ አፉ በሰም ይደፈን፤ የወይጦ ሙቀት ያቀልጠዋልና። በአውቶቡሱ ጣራ ላይ ሳይሆን ከእግር ሥር ይቀመጥ፤ ፕላስቲክ ጀሪካን የሚሻል ቢሆንም ቅሉን ማን ይተወዋል?